በአንድ ቱቦ ውስጥ ስንት ምጣድ?

ባለፈው ጥር 8 ቀን ጠዋት፣ ለጥምቀት እንግዳ የሚጠብቁ የጎንደር ቤቶች ሁሉ እንጀራ በሚጋግሩበት ሰዓት፣ አዘዞ የሚኖሩ አንዲት የቤት ባለቤት እናት ደውለው «ልጄ፣ ከኮርኒሱ በላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተኛል፤ ብሬከሩ ግን አልወረደም» አሉኝ። ብሬከሩ፣ ማለትም መስመሩ ከልክ በላይ ሲጫን ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው መሣሪያ፣ አለመውረዱን የነገሩኝ ነገሩ የከፋ አለመሆኑን ለማስረዳት ነበር። እኔን ግን ከሽታው ይልቅ ያስደነገጠኝ ይኸው ነበር፤ ሽቦው እየጋለ ዝም የሚል ብሬከር መጀመሪያውኑ የሽቦው አቅም ሳይሰላ የተገጠመ ብሬከር ነውና። ስልኩን ሳልዘጋ ምጣዶቹን ሁሉ እንዲያስጠፉ ለምኜ ከማራኪ ወደ አዘዞ ወረድኩ።

ግቢው ውስጥ በአንድ መስመር የተሠሩ አራት የኪራይ ቤቶች አሉ። ቆጣሪው ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ለምጣድ ብቻ የተለየ መስመር፣ የራሱ ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ)፣ የራሱ ኒውትራል (የሚመልሰው ሽቦ)፣ የራሱ ኧርዝ (ለአደጋ መከላከያ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) እና የራሱ ባለ 20 አምፔር ብሬከር አለው። እስከዚህ ድረስ የሠራው ባለሙያ ጥንቁቅ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ችግሩ ያለው አራቱ መስመሮች ከማከፋፈያው ሳጥን ወጥተው ወደየቤታቸው እስኪለያዩ ድረስ ባለው ወደ 9 ሜትር በሚጠጋ መንገድ ላይ ነው፤ በዚህ ርቀት አሥራ ሁለቱም ሽቦዎች በአንድ ባለ 25 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ታጭቀው ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ይሄዳሉ። ሽቦው ሁሉ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው።

ኮርኒሱን ከፍቼ ስወጣ ቱቦው በሁለት ማሰሪያዎች መካከል ወገቡ ረግቦ አገኘሁት። የመጀመሪያውን የመገናኛ ሳጥን ከፍቼ ከመካከል ያለውን ቀይ ሽቦ ሳወጣ ቀለሙ ወደ ቡና ዓይነት ተለውጧል፤ ከአጠገቡ ያለው ሰማያዊ ደግሞ ጫፉ አካባቢ አመድማ ሆኗል። ቀዩን በጣቴ ትንሽ ባጎብጠው ሽፋኑ እንደ ደረቀ የሙዝ ልጣጭ ተሰነጠቀና መዳቡ ታየ። ጤነኛ የፒቪሲ ሽፋን እንደዚያ አይሰነጠቅም፤ ይለመጣል እንጂ። ፒቪሲን ለስላሳ የሚያደርገው የተጨመረበት ማለስለሻ ንጥረ ነገር ነው፤ ሽቦው ከሚፈቀድለት 70 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እየጋለ በኖረ ቁጥር ያ ማለስለሻ ቀስ በቀስ እየተነነ ይሄድና ሽፋኑ ይደርቃል። ቤቱ ከተሠራ ገና ሦስት ዓመቱ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዋናነት ለሥራ ባልደረቦቼና ቤት እያሠሩ ላሉ ሰዎች ስለሆነ ቁጥሮቹን ሳላሳጥር አስቀምጣለሁ።

አንድ የተለመደ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። መካከለኛውን 3.75 ኪሎ ዋት ብንወስድና በ220 ቮልት ብናካፍለው 17 አምፔር ይሆናል። የሠራው ሰው ያሰበው ግልጽ ነው፦ ምጣዱ 17 ይስባል፣ ብሬከሩ 20 ይሁን፣ ባለ 2.5 ሽቦ ደግሞ 24 አምፔር ይሸከማል፤ 17 ከ20፣ 20 ከ24 ያንሳል፤ ስለዚህ ምንም ችግር የለም። አስተሳሰቡ በራሱ ትክክል ነው፤ የመስመሩ ከረንት (በሽቦው የሚያልፈው፣ በአምፔር የሚለካው ፍሰት) ከብሬከሩ መብለጥ የለበትም፣ ብሬከሩም ከሽቦው አቅም መብለጥ የለበትም የሚለው ሕግ የሙያችን መሠረት ነው። ስሕተቱ ያለው 24 የምትለዋ ቁጥር ላይ ነው።

በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ 60364 ውስጥ ለባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ የተሰጠው 24 አምፔር ከቅድመ ሁኔታዎቹ ጋር ነው የሚነበበው። ሽፋኑ ፒቪሲ ነው፤ አካባቢው 30 ዲግሪ ነው፤ ቱቦው ግድግዳ ላይ ወይም ግንብ ውስጥ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በቱቦው ውስጥ ከረንት የሚሸከሙ ሁለት ሽቦዎች፣ ማለትም አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። 24 አምፔር የሽቦው የተፈጥሮ ባሕርይ አይደለም። በእነዚያ ሁኔታዎች ውስጥ ሽቦው ልክ 70 ዲግሪ ላይ የሚያርፍበት ከረንት ነው። ሁኔታው ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል፤ የሽቦው ውፍረት ግን ያው ነው፤ ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን ይህ ይመስለኛል።

ሽቦ የሚሞቀው ራሱ በሚያመነጨው ሙቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ባለ 2.5 ሽቦ 17 አምፔር ሲያልፍበት በእያንዳንዱ ሜትር 2.6 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። ይህ ለብቻው ሲታይ ኢምንት ነው። በአዘዞው ቱቦ ውስጥ ግን አራቱ ምጣዶች ሲሠሩ ስምንት ሽቦዎች ከረንት ይሸከማሉ፤ አራት ፌዝና አራት ኒውትራል። ስምንቱ በአንድ ሜትር ቱቦ ውስጥ ወደ 21 ዋት ያመነጫሉ። ያ ሙቀት የሚወጣው በዚያችው በአንዲት ቱቦ ገጽ በኩል ብቻ ነው፤ መውጫው አልሰፋም፣ የሚወጣው ግን አራት እጥፍ ሆኗል። መካከል ላይ ያለው ሽቦ ደግሞ በሁሉም ጎኑ የሚነካው ሌላ ትኩስ ሽቦ ነው። ያወጣሁት ቀይ ሽቦ ከዳር ካሉት ይልቅ የተጎዳው ስለዚህ ነው።

ደረጃው ለዚህ የመቀነሻ ቁጥር ይሰጣል። በአንድ ቱቦ ውስጥ ሁለት መስመር ካለ የሽቦው አቅም በ0.80 ይባዛል፤ ሦስት ከሆነ በ0.70፣ አራት ከሆነ በ0.65፣ አምስት ከሆነ በ0.60፣ ስድስት ከሆነ በ0.57፣ ዘጠኝ ከደረሰ በ0.50። እንግዲህ 24 × 0.65 = 15.6 አምፔር። የአዘዞው ሽቦ በአራት ጎረቤት መካከል ሆኖ ሊሸከም የሚችለው 15.6 ነው፤ የሚሸከመው 17 ነው፤ የሚጠብቀው ብሬከር ደግሞ 20 ነው። የቤቱ ባለቤት «አልወረደም» ያሉት ብሬከር አልተበላሸም። እንዲህ ያለው ብሬከር የተጻፈበትን ከረንት 1.13 እጥፍ፣ ማለትም 22.6 አምፔር ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይወርድ እንዲሸከም ሆኖ ነው የሚሠራው። 17 አምፔር ለእሱ ሰላም ነው። የቱቦውን ውስጥ የሚያይበት ዓይን የለውም፤ ያንን ማየት የነበረበት ሽቦውን የመረጠው ሰው ነው።

ቆርቆሮው ገና አልተቆጠረም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯም ወይና ደጋ ስለሆነ ብዙዎች የሙቀት ቅነሳ የመተማና የሁመራ ጉዳይ ነው ብለው ያስባሉ። ከውጭ ላለው አየር እውነት ነው። ሽቦው ያለው ግን ውጭ አይደለም፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ በመታው ቆርቆሮና በኮርኒሱ መካከል በታፈነ አየር ውስጥ ነው። ለዚያ ቦታ እኔ በስሌት የምይዘው 45 ዲግሪ ነው፤ ለ45 ዲግሪ ደግሞ የፒቪሲ ሽቦ መቀነሻ 0.79 ነው። 15.6 × 0.79 = 12.3 አምፔር። ከ24 ተነሥተን ግማሽ ላይ ደረስን፤ የተለወጠው የሽቦው ስፍራና ጎረቤቱ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ሽቦው በዲግሪ ስንት ደረሰ ማለት እንደሆነ መገመት ይቻላል። የሽቦው ሙቀት ከአካባቢው በላይ የሚጨምረው በከረንቱ ካሬ ልክ ነው። በአራት መስመር መካከል 15.6 አምፔር 40 ዲግሪ ያስጨምራል፣ ከ30 ወደ 70። 17 አምፔር ደግሞ 47 ዲግሪ ተኩል ያህል ያስጨምራል። ግንብ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሽቦው 77 ወይም 78 ዲግሪ ላይ ያርፍ ነበር፤ ከቆርቆሮ ሥር ግን 45 ላይ ተጨምሮ 92 ይደርሳል። በአንድ ቀን አይቀጣጠልም። በየበዓሉ፣ በየሳምንቱ እየደረቀ ይሄዳል፤ ከዚያ አንድ ቀን ሁለት የተሰነጠቁ ሽቦዎች ይነካኩና ሰው «ኮንታክት አደረገ» ይላል።

«አራቱም ምጣድ በአንድ ጊዜ አይሠራም» የሚለውን ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬም በቅርቡ «ጋሼ፣ ይህማ ለፋብሪካ ነው፤ ቤት ውስጥ ሁሉም እኩል አይጫንም» ብሎኛል። ክርክሩ ለሶኬትና ለመብራት ይሠራል፤ ለምጣድ ግን በእኛ ከተማ አይሠራም። በአዘቦት ቀን አንዱ ተከራይ ማክሰኞ፣ ሌላው ዓርብ ይጋግር ይሆናል። ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ግን ግቢው ሁሉ በአንድ ጠዋት ነው የሚጥደው። ጥምቀት ሲመጣ ደግሞ ጎንደር ከየአገሩ እንግዳ ይመጣባታል፤ አንድ ቤት በአዘቦት የሚጋግረውን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይጋግራል፤ ምጣዱም ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይጠፋ ይቆያል። ቱቦ ውስጥ ያለ ቀጭን ሽቦ የመጨረሻ ሙቀቱ ላይ ለመድረስ ብዙ ሰዓት አይፈልግም፤ ለአሥር ደቂቃ ውኃ የሚያፈላ ሰው ሽቦውን ሳያግለው ይጨርሳል፣ ለሁለት ሰዓት የሚጋግር ግን እስከ ጫፍ ያደርሰዋል። ስለዚህ የምጣድ መስመሮችን ስቆጥር ሁሉንም በሙሉ ጭነት እቆጥራለሁ፤ ለማንም ቤት አልቀንስም።

በእነዚህ የበዓል ቀናት ቮልቴጁ ዝቅ ማለቱም ይታወቃል። ምጣድ ሽቦ የተጠቀለለበት ማሞቂያ ስለሆነ ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንቱም አብሮ ይወርዳል፤ 190 ቮልት ላይ 17ቱ አምፔር ወደ 14.7 ይወርዳል። ለቱቦው እፎይታ ይመስላል፤ ነገር ግን የምጣዱ ኃይል ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ መጋገሩ ይረዝማል፣ እና 14.7ም ቢሆን ከ12.3 ይበልጣል።

ምን ይደረግ? ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሽቦውን ማወፈር ነው። በዚያው ቱቦ አራቱንም መስመር በ4 ካሬ ብንቀይር፣ የ4 ካሬ ሽቦ መነሻው 32 አምፔር ነው፤ 32 × 0.65 × 0.79 = 16.4። ለ17 አምፔር እንኳ አይበቃም። 6 ካሬ ብናደርገው መነሻው 41 ነው፤ ተባዝቶ 21 ይሆናል፤ 20 አምፔር ብሬከሩን ይችላል። ይሁን እንጂ አሥራ ሁለት ባለ 6 ሽቦ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ አይገባም። የአንዱ የውጭ ወርድ ከነሽፋኑ 4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አሥራ ሁለቱ ሲደመሩ የቱቦውን የውስጥ ስፋት ከግማሽ በላይ ይይዛሉ፤ እኔ የምይዘው ወሰን ግን ከመቶ 40 ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሽቦ የሚገባው በጉልበት ነው፤ በጉልበት የተጎተተ ሽቦ ደግሞ ክርኑ ላይ ሽፋኑ ይላጣል።

እኔ የምመርጠው ቱቦውን መጨመር ነው። ሁለት ሁለት መስመር በአንድ ቱቦ ሲሆን መቀነሻው 0.80 ነው፤ ለ4 ካሬ 32 × 0.80 × 0.79 = 20.2 ይሆናል። ጠባብ ነው፤ ሆኖም ይሞላል፣ በዚያ ላይ ቆርቆሮው ሥር 45 ዲግሪ ብዬ ቀድሜ ይዣለሁ። የፒቪሲ ቱቦ ዋጋ ከመዳብ ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ 4ን ወደ 6 ከማሳደግ አንድ ቱቦ መጨመር በጣም ይረክሳል። ሁለቱ ቱቦዎች ግን በአንድ ማሰሪያ ተጣብቀው መሄድ የለባቸውም፤ በመካከላቸው ቢያንስ የቱቦውን ወርድ ሁለት እጥፍ ክፍተት እተዋለሁ፤ አለበለዚያ አንዱ ሌላውን ማሞቅ ይጀምርና መለየታቸው ትርጉም ያጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፤ እያንዳንዱ መስመር ብቻውን በራሱ ቱቦ ቢሄድ እንኳ ከቆርቆሮ ሥር 2.5 ካሬ ለ20 አምፔር ብሬከር አይበቃም፤ 24 × 0.79 = 19 ነው። ለምጣድ 2.5 የምቀበለው አንድ መስመር ለብቻው በግንብ ውስጥ ሲሄድ ነው።

ሲቆጠር የሚረሱ ጥቂት ነገሮች አሉ። ኧርዝ አይቆጠርም፤ በጤናው ቀን ከረንት አይሸከምምና። የአንድ ፌዝ መስመር ኒውትራል ግን ሁልጊዜ ይቆጠራል፤ ፌዙ የወሰደውን ሁሉ የሚመልሰው እሱ ነው። የመብራት መስመር ደግሞ የተለየ ነው፤ አንድ መስመር በቡድኑ ውስጥ ሊሸከም ከሚችለው ከመቶ 30 በላይ የማይጫን ከሆነ ለሌሎቹ ሲባል ከቆጠራው ሊወጣ ይችላል። አሥር ባለ 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖሎች ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞሉም፤ ስለዚህ አንድ የመብራት መስመር ከምጣድ ጋር መግባቱ የምጣዱን አቅም አይቀንስም።

ኒውትራልን በተመለከተ ግን ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። ፒያሳ አካባቢ አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ከአንድ ፌዝ የተነሡ ሦስት መስመሮች አንድ ባለ 2.5 ኒውትራል ሲጋሩ አግኝቻለሁ። ሽቦ ለመቆጠብ፣ ቱቦውም እንዳይጣበብ ታስቦ የተደረገ ነው። ሦስቱ እያንዳንዳቸው 15 አምፔር ቢወስዱ በፌዞቹ ላይ 15 15 ይታያል፤ በኒውትራሉ ላይ ግን 45 ነው፤ ኒውትራሉን የሚጠብቀው ብሬከር ደግሞ የለም። ሦስቱ መስመሮች ከሦስት የተለያዩ ፌዞች ቢነሡ ኖሮ በኒውትራሉ ላይ እርስ በርስ ይጠፋፉ ነበር፤ ከአንድ ፌዝ ሲነሡ ግን ይደመራሉ። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ እባክህ ተው ብዬ ከልቤ እለምናለሁ።

ሌላው ጥንቃቄ ሰንጠረዥ ማደባለቅ ነው። ከኢንተርኔት የሚወርዱ የአሜሪካ ሰንጠረዦች የሚቆጥሩት መስመር ሳይሆን ከረንት የሚሸከም ሽቦ ነው፤ ከአራት እስከ ስድስት ሽቦ ከመቶ 80፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ከመቶ 70፣ ከአሥር እስከ ሃያ ከመቶ 50 ይላሉ። መነሻቸውም በቱቦው ውስጥ ሦስት ሽቦ እንዳለ ቆጥሮ ነው የተሰላው። አንዱን መነሻ ከሌላው መቀነሻ ጋር ያባዛ ሰው የሚያገኘው ቁጥር የማንም ደረጃ አይደለም። በየትኛው እንደሚሠሩ ወስኖ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያው መሄድ ነው።

ስሌቱ ሁሉ ደግሞ ሽቦው የተጻፈበትን ያህል መዳብ እንዳለው ያምናል። ገበያ ላይ 2.5 ተብሎ ከዚያ የቀጠነ ሽቦ አጋጥሞኛል። ወርድ የምለካበት ካሊፐር ከኪሴ አይጠፋም፤ ባለ አንድ ዘንግ 2.5 ካሬ ሽቦ ሲላጥ ወርዱ 1.78 ሚሊ ሜትር፣ 4 ካሬ 2.26፣ 6 ካሬ 2.76 መሆን አለበት። ባለ ሰባት ክር 4 ካሬ ከሆነ እያንዳንዱ ክር 0.85 ነው። ሱቁ ውስጥ ሳሉ መለካት ከገዙ በኋላ ከመከራከር ይሻላል።

የአዘዞውን ቤት የሠራነው ከከተራ በፊት ነበር፣ ሁለት ቀን ብቻ ስለቀረን እስከ ማታ። አሮጌውን ቱቦ ከነሽቦው አውጥተን ሁለት አዲስ ቱቦዎች በኮርኒሱ እንጨት ላይ አለያይተን አሰርን፤ በየአንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ባለ 4 መስመር አስገባን። የቤቱ ባለቤት አንድ ጊዜ ብቻ «ያው ሽቦ አልነበር እንዴ፣ ለምን ተቃጠለ?» ብለው ጠየቁኝ፤ በሞባይሌ መብራት የተሰነጠቀውን ቀይ ሽቦና ከቱቦው ዳር የነበረውን ጤነኛ ሽቦ ጎን ለጎን አሳየኋቸው። ጥር 9 ከሰዓት በኋላ አራቱም ቤት በአንድ ጊዜ እንዲጥዱ አደረግሁ። ሽቦውን አቅፎ ከረንት የሚለካው ክላምፕ ሜትር በአራቱ መስመሮች ላይ ከ15.8 እስከ 16.6 አምፔር ያነብ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ኮርኒሱ ላይ ወጥቼ ሁለቱን ቱቦዎች በእጄ ያዝኳቸው፤ ሞቀዋል፣ ግን እጅ አያስለቅቁም። ለፋሲካም ደግሜ እሄዳለሁ፤ ያኔ ፀሐዩ ከጥር ይብሳልና ቁጥሮቹን እንደገና መለካት እፈልጋለሁ።